«ስማችሁ የትም አይጻፍም» ብዬ ነበር

ይሄን የምጽፈው ያኔ ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። የምርምር ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሠለጥን ሞልቷል። ስለ አንዲት የፊርማ ወረቀት ግን ትንፍሽ ያለልኝ የለም።

በሙያዬ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለሚጥል በሽታ በአማርኛ መረጃ የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮጀክት ውስጥ ገባሁ። አንድ ድረ ገጽና አንድ የቴሌግራም ቻናል ይኖረናል፤ ጽሑፉን ከታካሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሆነን እናዘጋጃለን ተባለ። ሐሳቡን ወደድኩት። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ በወጉ ከታከሙ እስከ 70 በመቶው ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን ከስንት ዘመን ጀምሮ ያለ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። ግን ስንቱ ነው አፍሮ ቤቱ የተቀመጠው!

ፕሮፖዛል ጻፍን፣ ፈቃድ ወጣ፣ ለትብብር ደብዳቤ ሁለት ወር «ነገ ተመለሱ» ተባልን። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል።

ተሳታፊ መመልመሉን ለክሊኒኩ ሰጠን። ስህተት ነበር። ጎበዝ ጎበዞቹን መርጠው ላኩልን፤ ቀጠሮ የማያዛንፉ፣ ክኒን የማይረሱ። ረቂቁን አነበብንላቸው። «በጣም ቆንጆ ነው ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን።» ሌላስ? «ምንም አይወጣለትም።» ሁለት ሰዓት ሙሉ ይሉኝታ ስቀዳ ቆየሁ። ነጭ ጋወን ለብሼ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይናገረኝ?

ሁለተኛውን ዙር ራሴ መለመልኩ፤ በስልክ፣ በሰው በሰው። ክኒን ያቋረጡትን፣ ጸበል የከረሙትን፣ ለትዳር ጓደኛ ያልነገሩትን ፈለግኩ። አንዷን ወጣት ለማሳመን አራት ጊዜ ደውያለሁ። «ሥራ ቦታ ማንም አያውቅም» አለችኝ። «ስምሽ የትም አይጻፍም» አልኳት። አምናኝ መጣች።

አሁን ወደ ወረቀቷ ልምጣ።

ለእያንዳንዱ ሰው 300 ብር የትራንስፖርት አበል ይዘናል። ፋይናንስ ክፍሉ አስቀድሜ የስም ዝርዝር እንድልክ ጠየቀኝ። ላክሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ሰው ሳይጉላላ እንዲከፈለው ብቻ ነበር የማስበው። የዚያን ቀን ጠዋት ዘጠኝ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ቡና ተፈላ። የስምምነት ቅጹን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ ስማችሁ የትም አይጻፍም፣ ማንነታችሁ ለማንም አይገለጽም። ሰዉ ዘና አለ። አንድ አባት ስለ ልጃቸው መናገር ጀመሩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የፋይናንሱ ልጅ በሩን ከፍቶ ገባ። «ቶሎ ፈርሙልኝ፣ ባንክ ልሄድ ነው» አለና ወረቀቱን በር አጠገብ ለተቀመጠው ሰው ሰጠው። ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ከላይ በትልቁ «የሚጥል በሽታ ታማሚዎች ውይይት የአበል መክፈያ» ይላል። ከሥር ሙሉ ስም ከነአያት፣ ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። ስሙ ሁሉ በኮምፒውተር ተጽፎ የመጣ ነው። ከእኔ ዝርዝር።

አየሁት። አላስቆምኩትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ተነስቼ ወረቀቱን ብቀበለው ምን ይመጣ ነበር? ልጁን ሰው ፊት ላለማሳፈር ብዬ ዝም አልኩ። በታካሚዎቹ ይሉኝታ ስማረር ከርሜ፣ የራሴ እዚህ ላይ ጠበቀኝ።

አራት ጊዜ የደወልኩላት ወጣት ጋ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከጎኗ ለነበሩት ሴትዮ አቀበለችና ነጠላዋን አስተካከለች። «መጣሁ» አለችኝ። መጸዳጃ ቤት የምትሄድ መስሎኝ በእጄ አቅጣጫ አሳየኋት። አልተመለሰችም። ስልኳን ስሞክር ዝግ ነው። በሳምንቱም ዝግ ነው።

ፋይናንስ ክፍል ሄጄ ጮኽኩ። «ኦዲተር ሲመጣ በምን እናወራርድ?» አሉኝ። በስም ፋንታ በኮድ ይከፈል አልኩ። «ኮድ መታወቂያ የለውም።» ርዕሱንስ ለምን «የጤና መረጃ ውይይት» አትሉትም? «በጀቱ የወጣው በዚህ ስም ነው።» ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ደንባቸው ግን ከእኔ ቅጽ ጋር ተያይቶ አያውቅም። ሁለቱን ማስተያየት የማን ሥራ ነበር? የእኔ። የፈቃድ ኮሚቴው የስምምነት ቅጹን ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር አርሞ ነው የመለሰልን። የመክፈያውን ወረቀት ልይ ያለ አንድም ሰው የለም።

እና መመሪያው ሌላ ቢልም የእኔ ምክር ይሄ ነው። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ፋይናንስ ጋ ሂዱ። በኮድ መክፈል እንደሚቻል በጽሑፍ አስፈርሙ። እምቢ ካሉ የሞባይል ካርድ ገዝታችሁ ስጡ፤ እኛ ጋ በኋላ የሱቁ ደረሰኝ በቅቷል። ፊርማ የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነውና ስምምነትን በቃል ለመቀበል ከመጀመሪያው አስፈቅዱ። የቡድን ውይይት የሚባለውን ደግሞ ለዚህ ዓይነት በሽታ ተዉት። አንድ ለአንድ፣ ያለ ጋወን።

እንደዚያ ስናደርግ ረቂቃችን እንዳልነበረ ሆነ። እኛ የጀመርነው ከአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነበር። እነሱ የሚጠይቁት ሌላ ነው። አረፋው ቢነካኝ ይተላለፍብኛል? (አይተላለፍም።) ልጄ ይማራል? ታገባለች? አንዲት እናት «ስለ ክብሪቱ ለምን አልጻፋችሁም?» አሉን። ሰው ሲጥለው ክብሪት እየለኮሱ አፍንጫው ሥር መያዝን የማያውቅ ሰፈር አለ እንዴ? ከውጭ በተረጎምነው ጽሑፍ ውስጥ ግን ክብሪት የሚባል የለም። አሁን ገጹ የሚጀምረው ከዚያ ነው፦ ክብሪት አትለኩሱ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የምድጃው ነገርም ከእነሱ የመጣ ነው፤ እሳት አጠገብ ብቻውን የሚሆን ሰው ሲጥለው ይቃጠላል።

«ጠዋት 8 ሰዓት ይውሰዱ» የሚልም ነበረን። አንድ ሽማግሌ ሳቁብን። «ጠዋት 8 ሰዓት የት ሀገር ነው?» የፈረንጁን ሰዓት እንዳለ ገልብጠነው ነበር። ሦስት ባለሙያ አይቶ አሳልፎታል፤ አንዷ እኔ ነኝ።

በጸበል ጉዳይ ተጨቃጨቅን። ገምጋሚዎቹ ጭራሽ አይነሳ አሉ። ታካሚዎቹ ካላነሳችሁት ማን ያምናችኋል አሉ። «ጸበል ስትሄዱ ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በድንገት ማቋረጥ ከባድ መጣል ያመጣል» ብለን ጻፍን። ሰው በለመደው ፊደል ፈልጎ እንዲያገኘው ጸበል፣ ፀበል፣ ጠበል እያልን ሦስቱንም አስገባን። በዚህኛው እኮራለሁ።

የእሷ 300 ብር ሳይከፈል ቀረ። በወሩ መጨረሻ ፋይናንስ «አራተኛው ረድፍ ፊርማ የለውም» ብሎ ጠራኝ። ገንዘቡን ለመመለስ ሌላ ቅጽ አለ። ሙሉ ስሟን እንደገና ጻፍኩ። ከሥሩ «ያልተከፈለበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለው። ብዙ አሰብኩና «አልተገኘችም» ብዬ ሞላሁ።