ሥራዬ ሰው ማመላለስ ነው፤ ልጄ ግን በአውቶቡስ ትሄዳለች

የምተዳደረው ሰው በማመላለስ ነው። ልጄ ግን የምትንቀሳቀሰው በከተማ አውቶቡስ ነው። ትምህርት ቤት ቢጫው አውቶቡስ ይወስዳታል። ቤተ መጻሕፍት፣ መረብ ኳስ ልምምድ፣ አክስቷ ቤት ሲሆን ግን በራሷ ወጥታ በራሷ ትመለሳለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ማኅበር ላይ ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ዞሮ ባለቤቴን ያያታል። «አንቺስ ዝም አልሽው?» መሆኑ ነው። ዝምስ አላለችም። «አንተ የሰው ልጅ ስታመላልስ ትውላለህ፤ የራስህን ልጅ አውቶቡስ ላይ ትጥላለህ» ትለኛለች። ንግግሯ ይከነክናል። ቢሆንም አልተረታሁም።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሰዘርን ታወርስ የሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አካባቢ። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሊፍት ውስጥ «እንደምን አደራችሁ» ያለ ሰው መልስ አያጣም። የከተማው አውቶቡስ፣ ዳሽ የሚባለው፣ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ብዙ ስንቆይ የእኛው እየጠፋብን ነው)። ካርድ የለ፣ ሳንቲም የለ፤ ገብቶ መቀመጥ ነው። 35 ቁጥር ከቫን ዶርን ባቡር ጣቢያ ተነስቶ፣ በእኛ ደጅ አልፎ፣ ፔንታጎን ያደርሳል። ከዚያ በባቡር ዲሲ ለመግባት ደቂቃዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ያለ መኪና ወጥቶ መግባት የሚቻልበት ሰፈር ብዙ የለም። ያገኘነውን ለምን አንጠቀምበትም?

ሰው የሚፈራው አደጋውን ነው። እኔም እፈራለሁ፤ አባት ነኝ። ግን ሌላም የምፈራው ነገር አለ። እሱን ለማስረዳት ስለ ሥራዬ ትንሽ ማውራት አለብኝ።

ዲሲ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት ሒሳብ የሚቆጥረው ሜትር ሳይገባ ነው። ያኔ ሒሳቡ በዞን ነበር። ከተማው ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዞን ተከፋፍሎ፣ ካርታው ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ይለጠፋል። ተሳፋሪው የዞን መስመር በተሻገረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ሁለተኛ ሰው ከተሳፈረ ሌላ ጭማሪ አለ። ዞኖቹን ያሰመሯቸው የአገሪቱ ምክር ቤት የኮንግረስ አባላት ናቸው፣ ከካፒቶል መሃል ከተማ በርካሽ ለመሄድ ብለው ነው ይባል ነበር። እንግዳ ሰው «አጭበረበርከኝ» ብሎ ካርታው ላይ ጣቱን እየቀሰረ ይከራከርሃል፤ አንተም ጣትህን ቀስረህ ትመልስለታለህ። ጭቅጭቅ ነበር። ግን ጭቅጭቁ ከሰው ጋር ነበር።

ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ዞኑን አንስተው በ2008 ሜትር አስገቡ። እኛ አድማ መታን፤ ወፍ የለም። በ2011 መጨረሻ ደግሞ በስልክ አፕ መኪና የሚጠራበት ኡበር ዲሲ ገባ። መጀመሪያ ላይ በጥቁር መኪና ሀብታም የሚጭን ነገር ስለነበር ናቅነው። በኋላ ማንኛውም ሰው በገዛ መኪናው መሥራት ሲችል ከታክሲ ተራ ሰው እየተመናመነ ሄደ። እኔም ቆይቼ ተከተልኩ። እንጀራ ነው፤ ወደሄደበት ትሄዳለህ።

ነገሩን ማውገዝ ብቻም ልክ አይመስለኝም። ድሮ አንድ አዲስ መጤ ታክሲ ለመንዳት ከተማውን ማጥናትና መፈተን ነበረበት። ዛሬ ዲቪ ደርሶት የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው ገና እየተንተባተበ፣ ስልኩ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» እያለው ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ሲሻህ ትወጣለህ፣ ሲሻህ ትተኛለህ። ክርስትና ካለ ትሄዳለህ፣ ለቅሶ ካለ ትደርሳለህ፤ ፈቃድ የምትለምነው አለቃ የለም። እኔም ለዓመታት «አለቃ የለኝም» እያልኩ ስፎክር ነበር።

ከዚያ የአጎቴ መርዶ መጣ። አሳድጎኛልና እንደ አባቴ ነበር። መሄድ አልቻልኩም፤ እዚሁ ሰው ተሰብስቦ አለቀስን። እንደ ወጉ ፂሜን ሳልላጭ ከረምኩ። ሐዘን ኪራይ አይከፍልምና ከጥቂት ቀን በኋላ ሥራ ገባሁ። አንድ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ የደለስ ኤርፖርት ሰው ለመያዝ ብዬ ስልኩን ስከፍት «ማንነትህን አረጋግጥ» አለኝ። በየጊዜው ያደርገዋል፤ አካውንቱን ሌላ ሰው እንዳይነዳበት ነው። ክቡ ውስጥ ፊትህን አስገባ አለኝ፤ አስገባሁ። ወደ ግራ ዙር አለኝ፤ ዞርኩ። «አልተረጋገጠም።» ነዳጅ ማደያ መብራት ሥር ሄጄ እንደገና ሞከርኩ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። እንደገና። በመጨረሻ አካውንቴን ዘጋው።

የምሠራለት ድርጅት ስሙ ይቆየን። ጥያቄ የምታቀርበው በጽሑፍ ነው። አጎቴ ሞቶብኝ ፂሜን አሳድጌ ነው ብዬ ጻፍኩ። «በደረሰብህ ሐዘን እናዝናለን። እባክህ በቂ ብርሃን ያለበት ፎቶ ላክ» የሚል መልስ መጣ። ላክሁ። ሌላ ስም ያለው ሌላ ሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር መለሰልኝ። ሰው ይሁን ማሽን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀኑ እየሄደ፣ የመኪናው ክፍያ እየደረሰ ነው። ድሮ በታክሲው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ቢሮው ሄደህ ትሰለፋለህ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ ታመናጭቅሃለች፤ ግን ታይሃለች። ፊትህን አይታ፣ መንጃ ፈቃድህን አይታ፣ «ሂድ በቃ» ትልሃለች።

አርባው ሳይወጣ ፂሜን ተላጨሁ። ስልኩ ወዲያው አወቀኝ።

እናቴ ግን በቪዲዮ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። «ምነው ልጄ፣ አርባው እንኳ አልወጣም እኮ» አለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ስልክ ከለከለኝ ይባላል?

ልጄን አውቶቡስ ላይ የማሳፍራት ለዚህ ነው ብል ባለቤቴ ነገሩ ምን ያገናኘዋል ትላለች። ለእኔ ይገናኛል። እኔ ያለ ስልክ ፈቃድ እንጀራዬን መብላት የማልችል ሰው ሆኛለሁ። እሷ ቢያንስ ያለ ስልክ ፈቃድ ከቤቷ ወጥታ መመለስ ትቻል። መስመር ሲጠፋባት ሹፌሩን ትጠይቅ። የዘገየ አውቶቡስ ትጠብቅ። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሲያስቸግራት ቦታ መቀየር፣ ካልተዋትም «ተወኝ» ማለት ትልመድ። በተጠራ ቁጥር ከች የሚል መኪና ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ከየት ይማረዋል? ማታ ማታ የማሳፍራቸው ወጣቶች አሉ፤ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ዝናብ ሳይኖር መኪና ይጠራሉ። ገንዘባቸው ነው፣ ለእኔም ገቢ ነው። የእኔ ልጅ እንዲህ እንድትሆን ግን አልፈልግም።

ስልክ አልሰጠናትም ማለቴ አይደለም፤ አላት። የያኔው የቨርጂኒያ ገዥ ግሌን ያንግኪን በ2024 ባወጡት ትእዛዝ መሠረት ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ተማሪ በትምህርት ሰዓት ስልክ መያዝ ቀርቷል። የእኛ ሰው ብዙው ተቃውሞ ነበር፤ «አንድ ነገር ቢፈጠር ልጄን በምን አገኛታለሁ?» ነው ጥያቄው። በዚህ አገር በትምህርት ቤት የሚሰማው ተኩስ ቀላል ስላልሆነ ጥያቄው ተራ አይደለም። እኔ ግን ደግፌዋለሁ። ልጅቷ ምሳ ሰዓት ላይ ካርታ መጫወት ጀምራለች፤ የእውነተኛውን፣ የወረቀቱን።

ባለቤቴ በበኩሏ የልጅቷን ሎኬሽን ስልኳ ላይ ከፍታለች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በዕረፍቷ ሰዓት ያቺን ሰማያዊ ነጥብ ታያለች። አንድ ቅዳሜ ነጥቧ ሴሚናሪ ሮድ ላይ ገና እየተንፏቀቀች ሳለ ስልክ ተደወለላት። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው እናት ናቸው። «ልጅሽን አውቶቡስ ላይ አየኋት፤ ከሁለት ወንዶች ጋር እየተሳሳቀች ነው» አሉ። ልጅቷ ቤት ከመድረሷ በፊት ወሬው ሦስት ቤት ደርሷል። ወንዶቹ የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንዱም የእኒያው እናት የእህት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ ስትስቅ ዋለች። «ለሳተላይቱ ምን አስከፈለን?» አልኳት።

ልጅቷ ግን መናደድ ትታ ከእናቶቹ ጋር ወዳጅ ሆናለች። በ2025 ሰኔ፣ ከዳሽ ሌላ ዲሲንና አካባቢውን የሚያገለግለው የሜትሮ አውቶቡስ መስመሮች ሁሉ ስማቸው ተቀየረ። ለአሌክሳንድሪያና ለአርሊንግተን «ኤ»፣ ለፌርፋክስ «ኤፍ»፣ ለሞንትጎመሪ «ኤም» እያሉ ፊደልና ቁጥር ሰጧቸው። በዕውቀት ሳይሆን በለመደ ዓይን የሚሳፈሩት እናቶቻችን ግራ ገባቸው። ስልካቸው ላይ አፑ አለ፤ ማን ከፍቶ ያነበዋል? ልጄ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጣ የድሮውን ስም በግራ፣ አዲሱን በቀኝ አድርጋ በወረቀት ጻፈችላቸው። አማርኛዋ «ሀ» እና «ሐ» አይለይም። ቢሆንም ወረቀቱ በየቦርሳው ገብቷል።

አዲስ አበባ ያደግሁት ኮተቤ ነው። በእሷ ዕድሜ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ተጨቁኜ፣ ለወያላው ሳንቲም አስቀድሜ ሰጥቼ፣ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኼ እወርድ ነበር። ማንም አይከታተለኝም። ወያላው መልስ ሲያስቀርብኝ ግን ከኋላ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው «የልጁን መልስ ስጠው እንጂ!» ይለዋል። አሁን የእህቴ ልጅ እዚያው በአፕ ይሠራል። ባለፈው ስሄድ አብሬው ዋልኩ። ስልኩ ቦታውን ቢያሳየውም ይደውላል። «የት ጋ ነሽ? ከፋርማሲው ፊት ለፊት? ከግንቡ በላይ ነው በታች?» ደንበኛዋም ማዶ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። ቴክኖሎጂው ገብቶ ጥያቄው አልቀረም። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ዲሲ ውስጥ ሰው መኪናዬ ውስጥ ገብቶ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ ወርዶ እስኪሄድ ቃል ሳንለዋወጥ የምንለያይበት ቀን ብዙ ነው።

ኤርፖርት ተራ የምንጠብቅበት ሜዳ ላይ ግን ወሬው አይቋረጥም። ከፔርሙስ ቡና እየቀዳን ፖለቲካውን ስንጨርስ ዌይሞ ላይ እንመጣለን። ሹፌር አልባ መኪና በ2026 ዲሲ ላይ ሰው መጫን እፈልጋለሁ ብሎ ካስታወቀ ወዲህ ሜዳው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ «አለቀልን» ይላል። ሌላው «ሻንጣውን ማን ያወርዳል?» ይላል። በ2022 መጨረሻ ባቡሩ ደለስ ድረስ ሲዘረጋም እንዲሁ አለቀልን ብለን ነበር፤ ባለ ሦስት ሻንጣው አሁንም መኪና ይጠራል። ዌይሞ ግን እንደ ባቡሩ አይደለም፤ በር ላይ ይመጣል። እኔ ከሚፈሩት ወገን ነኝ። አንድ በዕድሜ የገፋ ወንድማችን ብቻ «እሱስ ፊቱን አሳይ አይባልም» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ከባለቤቴ ጋር ለጊዜው ተስማምተናል። መከር ላይ ሰዓት ሲቀየርና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲጨልም ከልምምድ የማመጣት እኔ ነኝ፤ የዚያን ሰዓት ገቢ መተው ነው። ቀኑ ሲረዝም ወደ አውቶቡሷ ትመለሳለች። ባለቤቴ ውሉን ጽፋ ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ልጅቷ ከሥሩ በእስክሪብቶ አንድ አንቀጽ ጨምራበታለች፦ መኪና ውስጥ የኢትዮጵያ ዜና አይከፈትም።