ከብት ሲጠብቅ የማይዘናጋ ልጅ ደብተር ላይ ለምን ይዘናጋል

ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ ያለ ነገር አለ፣ እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ። የወንድሜ ልጅ ከደምቢያ መጥቶ እኛ ጋ መኖር ከጀመረ ወዲህ የመጣ ሀሳብ ነው። እዛ እስከ 4ኛ ተማረ፣ ዘንድሮ ጎንደር 5ኛ ክፍል ገባ። በቀደም የክፍል ኃላፊዋ አስጠርታኝ ሄድኩ፣ "ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን ትኩረት የለውም፣ ዕቃውንም አይዝም" አለችኝ። እርሳስ ይጥላል፣ በሂሳብ ቀን የአማርኛ ደብተር ይዞ ይሄዳል፣ የቤት ስራው ተሰርቶ ቤት ይቀራል። እሺ ብያት ወጣሁ፣ ግን እስከ ፒያሳ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ነገሩ አልዋጥልኝ አለ።

ይሄ ልጅ እኮ እረኛ ነበር። ከብቶቹን በቀለም፣ በቀንድ፣ በአመል ለይቶ ያውቃል፣ የትኛዋ ላም ሰብል ውስጥ መግባት እንደምትወድ፣ የትኛው ወይፈን ተዋጊ እንደሆነ ጠይቁት። ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር የገና ጨዋታ እየተጫወተ እንኳን አንድ ዓይኑ ከብቶቹ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ በሬ የሰው ጤፍ ውስጥ ከገባ አባቱ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ካሳ ይከፍላል እሱም ማታ ልምጩን ይቀምሳል። የእጅ ሰዓት የለውም ግን ውሃ የሚያጠጣበትን አያሳልፍም፣ ቆሞ ጥላውን በእግሩ ጫማ ይለካል፣ ጀምበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ይሰበስባል፣ ስንት ሆነው እንደወጡ ስንት ሆነው እንደገቡ ይቆጥራል። ትኩረት፣ እቅድ፣ የሰዓት አጠቃቀም የሚባለው ሌላ ምንድን ነው ታዲያ?

ልዩነቱ ከብት ራሱ ያስታውስሃል። ይንቀሳቀሳል፣ ይጮሃል፣ ይጠፋል፣ ስትዘናጋ ዋጋህን እዛው ታገኛለህ። ደብተር ግን ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ምንም አይልም፣ ከወር በኋላ ያለ ፈተና ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ልጁን "ተጠንቀቅ፣ አስታውስ፣ ፍጠን" እያሉ ከመጨቅጨቅ ቤቱ ራሱ እንዲያስታውሰው ማድረግ ይሻላል፣ ጊዜንም በዓይን የሚታይ ነገር ማድረግ። ዝርክርክ ነው፣ ሰነፍ ነው የሚለውን ወሬ ቤቴ ውስጥ መስማት አልፈልግም፣ ልጅ ደጋግሞ የተጠራበትን ስም ነው ይዞ የሚያድገው።

የአንጎል ጉዳይም አለበት። ማቀድ፣ ራስን መግታት፣ አንድ ነገር በሀሳብ ይዞ ሌላ መስራት ምናምን የሚባለውን ስራ በዋናነት የሚሰራው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ዘግይተው ከሚበስሉት አንዱ ነው፣ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሰራ ነው። ይሄን ሳነብ የ7 ዓመቷን ልጄን ሚጡን አየኋትና ሳቄ መጣ። እኛ ግን ጠዋት ጠዋት ጫማሽን አድርጊ ጥርስሽን ታጠቢ ኮዳሽን ሙይ ደብተርሽን እይ ሹራብሽ የት አለ ብለን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እንለቅባታለን፣ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ የመጀመሪያው ጠፍቷል፣ እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና ሌላ ትጨምራለች።

እና በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍን። ሚጡ ማንበብ ላይ ገና እየተንገዳገደች ስለሆነ ስዕል ነው፣ ኮዳ፣ ምሳ ዕቃ፣ ሹራብ፣ ቦርሳ። ራሷ ናት የሳለችው፣ ምሳ ዕቃው ድስት ነው የሚመስለው ግን እሷ ታውቀዋለች። አሁን እኔ የምላት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ወረቀትሽን አየሽ?" ተመልሳ ታያለች፣ የጎደለውን ራሷ ታገኛለች። የረሳችውን ነገር ስም ጠርቼ ከነገርኳትማ አስታዋሿ እኔ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።

የወንድሜ ልጅ ስዕሉን ናቀው፣ "የህፃን ነው" አለ። እሱን "ከብት ስታስገባ ትቆጥር አልነበር? ዕቃህንም ቁጠር" አልኩት። በቃ ይሄ ገባው። ከክፍል ሲወጣ ይቆጥራል፣ እርሳስ፣ እስኪብርቶ፣ መቅረጫ፣ ማስመሪያ፣ ላጲስ። ቀይና ሰማያዊ የሆነችውን ላጲሱን "ቡሬ" ብሏታል፣ ቡሬ እስካሁን አልጠፋችም። ቦርሳውን የሚያዘጋጀው ማታ ነው፣ የክፍለ ጊዜ ሰንጠረዡን በራሱ እጅ ጽፎ አልጋው አጠገብ ሰቅሏል፣ እሱን እያየ የነገውን ደብተር ይከታል። ይሄ ማታ የሚለው ነገር ቀላል አይደለም፣ ጠዋት የሚፈለግ ደብተር መቼም ተገኝቶ አያውቅም። ቦርሳና ጫማ በሩ ጥግ ካርቶን ውስጥ ይገባሉ፣ ከሱቅ ያመጣሁት የዘይት ካርቶን ነው፣ መደርደሪያ ምናምን ካልተገዛ አይሆንም የሚል ሰው ገንዘብ የበዛበት ነው።

ሰዓት ላይ የኛ አገር ልጅ ስራው ድርብ ነው። መምህሯ 2 ሰዓት ትላለች ስልኩ 8፡00 ይላል፣ ቴሌቪዥኑ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው። ትልቅ ሰው ሳያስበው 6 ይቀንሳል፣ ልጅ ግን ግራ ይገባዋል። የግድግዳ ሰዓታችን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የተሞላው፣ ልጆቹን በሱ ብቻ ነው የማስለምዳቸው። ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ለልጅ ቁጥር ብቻ ነው፣ ምን ያህል እንደቀረ አያሳይም። የግድግዳው ግን ያሳያል፣ መስታወቱ ላይ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ከ12 እስከ 3 ያለውን ሩብ ቀባሁትና "ትልቁ ቆጣሪ ከቀለሙ እስኪወጣ" አልኳቸው፣ ያ 15 ደቂቃ ነው። የሰዓት ቁጥር ገና ያልገባት ሚጡ እንኳን ቀለሙ እያለቀ እንደሆነ ታያለች። ሲያልቅ በጨርቅ ይጠረጋል። የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ ያየው ጊዜ ምን አለኝ፣ "እትዬ፣ ይቺስ እንደ ጥላ ናት፣ ትሄዳለች" አለኝ። እኔ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ፍራንቼስኮ ሲሪሎ የሚባል ጣልያናዊ አለ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ እያለ ሀሳቡ አልሰበሰብ ሲለው ቲማቲም የሚመስል የኩሽና ሰዓት ሞልቶ ማጥናት ጀመረ፣ 25 ደቂቃ ስራ 5 ደቂቃ እረፍት፣ ዘዴው ዓለምን ዞረ። ጣልያን ለኛ ፒያሳን ብቻ ነበር የተወልን። ግን 25 ደቂቃ ለሚጡ ዘላለም ነው፣ ለሷ 10 ይበቃል፣ ለወንድሜ ልጅ 15 ወይ 20። እረፍቱ ግቢ ወጥቶ መሮጥ፣ ውሃ መጠጣት፣ ካስፈለገ ዶሮ ማባረር ነው፣ ስልክ ግን አይሆንም። ስልክ የነካ ልጅ በ5 ደቂቃ አይመለስም፣ ትልቁስ መቼ ይመለሳል። ስልክ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ ደብተር ሲከፈት ስልክ ሁሉ እናቴ ክፍል ይገባል፣ የኔውም ጭምር ማለቴ ነው፣ እኔ እየነካካሁ እነሱን አትንኩ ብል ማን ይሰማኛል።

ሌላው የምወደው ጨዋታ ግምት ነው። "ይቺን ሂሳብ በስንት ደቂቃ ትጨርሳለህ?" እለዋለሁ፣ 10 ይላል፣ ግምቱን ጥጉ ላይ ይጽፋል፣ ሲጨርስ ሰዓት ያያል፣ ግማሽ ሰዓት አልፏል፣ ይስቃል። ስድብ የለበትም፣ በሚቀጥለው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይገምታል። ካነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች በፈረንጆቹ 1979 ነው ይሄን የጻፉት፣ ሰው የራሱ ስራ የሚፈጀውን ጊዜ ብዙ ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው፣ ከዚህ በፊት እንደዘገየበት እያወቀ እንኳን። ሊቃውንቱ ሳይጽፉትም እኛ እናውቀዋለን፣ "መንገድ ላይ ነኝ" ብሎ ገና ፊቱን ያልታጠበውን ሰውዬ፣ "ቡናው ደረሰ" ተብሎ ገና እየታጠበ ያለውን ቡና። ልጅ ላይ ሲሆን ግን ውሸታም እንለዋለን።

አባባም (አባቴን ነው) በዚህ ጉዳይ ሳያውቁት አስተማሪ ሆነውልናል። ዳዊት ይደግማሉ በየቀኑ። የወንድሜ ልጅ መጽሐፉን አገላብጦ "አባባ ይሄን ሁሉ ዛሬ ሊጨርሱት ነው?" ሲላቸው ሳቁና ከፋፍለው አሳዩት፣ 150 መዝሙር ነው፣ አስር አስሩ አንድ ንጉሥ ይባላል፣ 15 ንጉሥ ይሆናል፣ ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት። "የሰኞን ሰኞ ነው የማስበው፣ የቅዳሜን ሰኞ ባስበው ገና ስከፍተው እደክም ነበር" አሉት። እንዲህ ያለ የጊዜ ሰሌዳ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜም ነበረ፣ እኛ ግን የሰዓት አጠቃቀም ስልጠና ፍለጋ ዩቲዩብ ላይ እንዞራለን። ልጁም የሳይንስ መጽሐፉን ምዕራፍ በእርሳስ እየከፋፈለ በየቁራጩ ጎን የቀኑን ስም መጻፍ ጀመረ። ለሚጡ ደግሞ "ክፍልሽን አስተካክይ" አይባልም፣ እሱ ለሷ ስራ ሳይሆን ጭጋግ ነው። "መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ ክተቺ" ይባላል፣ ከዛ ሌላው።

የጎንደር ኑሮ ደግሞ ፕሮግራም አያከብርልህም። ትምህርት ቤታቸው በፈረቃ ነው፣ አንዱ ሳምንት ጠዋት አንዱ ከሰዓት፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት ፈረቃም የለው ሲለው ይሄዳል። ውሃ በመጣ ቀን ሰው ሁሉ ጀሪካን ላይ ነው፣ ማን የማንን ሂሳብ ያያል። እዚህ ላይ "11 ሰዓት ላይ ጥናት" የሚል ወረቀት መለጠፍ ዋጋ የለውም፣ ሦስት ቀን ከፈረሰ ልጁ ወረቀቱን መናቅ ይማራል። ስለዚህ ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከድርጊት ጋር ነው የማያይዘው፣ "ምሳ ዕቃዬን ካጠብኩ፣ ቁጭ ብዬ የቤት ስራ እከፍታለሁ"፣ "መብራት ከሄደ፣ የቃል ጥናት አጠናለሁ"። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ተመራማሪ ይሄን ሲያጠና ነው የኖረው፣ "እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው "አደርጋለሁ" ብቻ ካለው ይልቅ የማድረግ ዕድሉ ሰፊ ነው። እኛ ቤት መብራት ሲሄድ ሚጡ በጨለማ የማባዛት ሰንጠረዥ መጮህ ትጀምራለች፣ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እንጃ።

እንቅልፍ ላይ ብዙ አልልም፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት ነው የሚባለው፣ ማታ 5 ሰዓት ድረስ ድራማ ያየ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢፈዝ ትኩረት የለውም ብሎ መክሰስ ግፍ ነው።

ትልቁ ጥያቄ መቼ ነው እጄን የማነሳው የሚለው ነው። ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የሚባሉ ሰዎች በፈረንጆቹ 1976 ለልጅ የሚሰጥ እርዳታን ህንፃ ሲሰራ ዙሪያውን ከሚቆመው አጣና ጋር አመሳስለውታል። ግድግዳው በራሱ መቆም ሲጀምር አጣናው ይወርዳል። እኔ የማያቸው እናቶች ብዙዎቹ (እህቴን ጨምሮ፣ ብታነበው ትቆጣለች) አጣናውን ማውረድ ነው የሚያቅታቸው። 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ቦርሳውን እናቱ ታዘጋጅለታለች፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ ከሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። በተቃራኒው ደግሞ "ራስህን ቻል" ብሎ አንዴ ጥሎ መሄድ አለ፣ እሱም አይሰራም። ከወንድሜ ልጅ ጋር ያደረግነው መጀመሪያ አብረን ቦርሳውን አዘጋጀን፣ ቀጥሎ እሱ ሲያዘጋጅ እኔ ቆሜ አየሁ፣ ቀጥሎ "ጨረስክ?" ብቻ፣ አሁን አልጠይቅም። አንዳንዴ ደብተር ይረሳል። ይርሳ። አልወስድለትም፣ መምህሯም ይህን ታውቃለች።

አሁን ታህሳስ እየተገባደደ ነው፣ የመንፈቅ ፈተናቸው ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ነው። ትናንት ማታ "እቅድህን ራስህ አውጣ፣ እኔ አልጽፍም" አልኩት። የካላንደሩን ጥር ገጽ ዘርግቶ ቁጭ አለ። እሱ ቀን በቁጥር አይቆጥርም፣ በታቦት ነው፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም። ከገና ማግስት እስከ ከተራ ዋዜማ አማርኛና እንግሊዝኛ አለ። ከከተራ እስከ ሚካኤል፣ ማለትም ከ10 እስከ 12 ያለውን በትልቁ አጥቁሮ "የለም" ብሎ ጻፈበት። እናቴ "ምነው ትንሽ እንኳን ብታጠና" አለችው፣ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ሳምንት አጠናለሁ ብሎ የሚጽፍ ልጅ ራሱን እያታለለ ነው፣ የማይደረግ ነገር ያለበት እቅድ ከመጀመሪያውም እቅድ አይደለም። ከሚካኤል ማግስት እስከ ገብርኤል ሂሳብን አደረገ። እኔ ብሆን የሚከብደኝን ሂሳብ ከጥምቀት በፊት ነበር የማደርገው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

"ሳይንስስ?" አልኩት።

ካላንደሩን ትንሽ አየ። "ሳይንስ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ" አለ። ቅዳሜ ገበያ አብሮኝ ሄዶ ሽንኩርት የሚሸከምልኝ እሱ ነው፣ እና አሁን በጊዜ እንድመለስ ቀጠሮ ያለብኝ እኔ ሆንኩ።