የማን ክረምት?

«ልጄ፣ ስንዴ ብላችሁ ሰጣችሁኝ፤ ይኸው ሣር አበቀልኩ» አሉኝ።

ጥቅምት ነው። ገበሬው ከደብረ ብርሃን አካባቢ ሌሊት ተነስተው፣ ላምበረት ወርደው፣ በታክሲ አራት ኪሎ ቢሯችን ደረሱ። ከማዳበሪያ ከረጢት አንድ ጉንድ ስንዴ ከነአፈሩ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ለምለም ነው፣ ተንሰራፍቷል፤ ዛላ ግን የለውም። የጎረቤቶቻቸው ማሳ እሸት ደርሷል።

ምላጭ አምጥቼ አንዱን ከሥሩ በቁመቱ ሰነጠቅኩት። አንጓ የለም። የማደጊያ ጫፉ የጤፍ ፍሬ አህሎ አሁንም አፈሩ ጥግ ተቀምጧል። የፈራሁት ደረሰ።

የዚህ ዘር ናሙና ከውጭ ሲመጣ ሰነዱ ላይ «የክረምት ስንዴ» ተብሎ ተተርጉሞ ነበር። ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «እኛስ መች በበጋ ዘርተን እናውቃለን? ደጋውም ብርድ ነው» አሉ፤ በዚያው አለቀ። ዘሩ የመጣበት አገር ክረምት ግን ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው። ቡቃያው በረዶ ሥር ይከርማል፤ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካልቆየ አገዳ ወደ ማውጣት አይሻገርም። ይህን አውቅ ነበር። ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ በአፌ አልተናገርኩም። የታተመው ቅጂ ላይ መስመሯ የለችም።

«አባቴ፣ ይሄ ዘር ብርድ ካላገኘ አያፈራም» አልኳቸው።

«እኛ አገር ብርድ ጠፍቶ ነው?»

«የእናንተ ብርድ ሌሊት መጥቶ ቀን ይሄዳል። ውርጩም የሚበረታው ከኅዳር ወዲህ፣ ሰብሉ ከደረሰ በኋላ ነው። ይሄ ገና በቡቃያነቱ ሳምንታት ሙሉ ይፈልጋል።»

ጉንዱን አገላብጠው አዩት። «ይህን የሚያውቅ ሰው በሰኔ የት ነበር?»

እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ። መልስ አጣሁ፤ ሻይ አዘዝኩላቸው። ሳይነኩት ቀዘቀዘ። ግማሽ ጥማድ መሬታቸው፣ የአንድ ዓመት ቀለባቸው ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ቢሮ የተረፈውን ዘር ለሁለት ከፈልኩ። ግማሹን አጎንቁዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቢሮ ፍሪጅ ውስጥ 50 ቀን አቆየሁትና በጣሳ ተከልኩት፤ ሌላውን እንዲያው አጎንቁዬ አጠገቡ ተከልኩ። ብርድ ያገኘው ዛላ አወጣ፣ ያላገኘው ሣር ሆኖ ቀረ። ሁለቱንም ጣሳ ተሸክሜ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ለገበሬው ምትክ ዘር ይሰጣቸው የሚል ደብዳቤም አብሬ አስቀመጥኩ፤ ይህኛውን በጽሑፍ ብቻ አልተውኩትም፣ ቆሜ በአፌ ተናገርኩት።