ባንኮክ በጀልባና በባቡር

ባንኮክ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የሕክምና ከተማ ናት። ሰው ታማሚ ይዞ ይሄዳል፣ ሱኩምቪት አካባቢ ሆቴል ይይዛል፣ ከሆስፒታል ሆቴል ሲመላለስ ሰንብቶ አገሩ ይገባል። እኔም እናቴን ይዤ የሄድኩት ለዚሁ ነበር። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ግን ክፍት ቀናት ነበሩን። የእናቴ ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፤ ሙቀቱም ወበቅ ያለበት፣ ከባድ ነው። እንዲያም ሆኖ ከተማዋን በደንብ አየናት። ይህን ያቀለለልን መኪና መተዋችን ነው።

ታክሲው ውድ አይደለም። ሜትር እንዲያበራ መጠየቅ ብቻ ነው። ችግሩ መንገዱ ሲዘጋጋ ነው፤ ያን ጊዜ በእግር የሚሄድ ሰው ይቀድማችኋል። ከመንገዱ በላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ባቡር አለ፤ ቢቲኤስ ይባላል። ከመሬት በታች ደግሞ ኤምአርቲ አለ። ሰው በሩ የሚከፈትበት ቦታ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ግፊያ የለም። ውስጡ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ነጠላ ወይም ሻርፕ መያዝ ጥሩ ነው። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያው ውስጥ ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል። ሁሉም ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኛም ቆምን።

ከናና ጣቢያ ተሳፍረን ሲያም ላይ ቀየርን፣ ሳፓን ታክሲን ወረድን። ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ የቻኦ ፕራያ ወንዝ ነው። ለእኔ ባንኮክ የጀመረችው እዚህ ነው። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው ጀልባ የሠራተኛና የተማሪ ማመላለሻ ነው፤ ለአንድ ሰው 16 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ከፈልን። ለቱሪስት ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ጀልባ አለ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው። ቲኬት ቆራጯ የብረት ቱቦዋን እያንቋቋች መጣች። መነኮሳት የሚቆሙበት ቦታ ለብቻው ተለይቷል። መነኩሴን ሴት እንዳትነካው ስለሚጠነቀቁ እናቴ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት «እፎይ! ይሄን ያህል ቀን የት አስቀምጠኸኝ ነው?» አለችኝ።

ታ ቲየን ወረድን። ዋት ፖ እዚያው ነው፤ «ዋት» ማለት የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል። በአንድ ጊዜ ሙሉውን ማየት አይቻልም፤ ከራሱ ተነስቶ እስከ እግሩ መሄድ ያስፈልጋል። የውስጥ እግሩ 108 ምልክቶች በዛጎል ተሠርተውበታል። እናቴ መጀመሪያ ለመግባት ቅር ብሏት ነበር። ኋላ «ለማየት ነው እንጂ ለመስገድ አይደለም» ብላ ጫማዋን አወለቀች። ጫማ ማውለቅና ትከሻ መሸፈን ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የሐበሻ ቀሚሷ ለሁሉም በር በቂ ነበር።

ከዋት ፖ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ዋት አሩን ይታያል። ግንቡ በሸክላ ስብርባሪ አበባ አበባ ተደርጎ የተለበጠ ነው። ትንሿ ጀልባ በደቂቃዎች ታሻግራለች። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ አልወጣንም፤ ከታች ሆኖ ማየቱም ይበቃል።

ታላቁ ቤተ መንግሥት በሌላ ቀን ቢሆን ይሻላል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1782 የተጀመረ ነው፤ መግቢያው ለውጭ አገር ሰው 500 ባት ነው። በጠዋት ሂዱ፤ ጥላ ያለበት ቦታ ትንሽ ነው። በሩ አካባቢ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። መጨረሻው ጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ዝም ብላችሁ እስከ ቲኬት መስኮቱ ድረስ ሂዱ።

ከዋት ፖ አቅራቢያ ሳናም ቻይ የሚባል የኤምአርቲ ጣቢያ አለ። ምድር ውስጥ ሆኖ አምዶቹና ጣሪያው እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ያጌጡ ናቸው። ከዚያ ሦስተኛው ጣቢያ ሁዋ ላምፖንግ ነው። ትንሽ በእግር ሲሄዱ ዋት ትራይሚት ይገኛል። 5 ቶን ተኩል ገደማ የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ እዚያ ተቀምጧል። ከወራሪ ለመሰወር በልስን ተሸፍኖ ስለኖረ ወርቅነቱ ተረስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያዛውሩት ልስኑ ተሰነጠቀና ወርቁ ታየ። ይህን ስነግራት እናቴ የግራኝን ዘመን አነሳች። ስንቱ ታቦትና መጽሐፍ ዋሻ ተደብቆ እንደተረፈ አወራችኝ። ከጎበኘናቸው ሁሉ እጅግ የወደደችው ይህን ነው፤ ደረጃውን እንኳ ቀስ እያለች ወጣችው።

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር የጾም ምግብ መፈለግ ነበረብን። የታይ ምግብ አትክልት ቢመስልም የዓሣ ሶስ አይጠፋበትም። መፍትሔው ቀላል ነው። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለም። «ጄ» ብላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ። ከዋት ትራይሚት ቀጥሎ ያለው የቻይናዎች ሰፈር ያዎራት እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉት። ቶፉና እንጉዳይ በሩዝ በላን። እናቴ በርበሬውን ቀምሳ «ይሄማ የእኛ ነው» ብላ ጨመረችበት። ነጭ ሽንኩርት ብቻ አጣች፤ ጄ ምግብ ውስጥ እሱም አይገባም።