ናስትሮ የተለጠፈበት ቀይ መብራት

ፍራንክፈርት ውስጥ ሞተር ሳይክል ጋራዥ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጀርመናዊ አዛውንት የ1991 ሞዴል ቢኤምደብሊው ኬ75 እየነዱ መጡ። ሞተሩ ተወልውሎ መስታወት መስሏል። ዳሽቦርዱ ላይ ግን የጥፍር ያህል ጥቁር ናስትሮ ተለጥፎበታል። ቁልፉን ከፍቼ ናስትሮውን ስልጠው ከሥሩ ቀይ መብራት በርቷል፤ የስቶፕ መብራት ችግር አለ የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው።

«እሱ ዓመታት አልፈውታል» አሉኝ። «ስቶፑ እንደሆነ ይሠራል። አሁን ግን ቲዩፍ ደርሶብኛል፣ አጥፋልኝ።» ቲዩፍ የሚሉት እዚህ ሞተር ሳይክል በየ2 ዓመቱ የሚያልፈውን ምርመራ ነው።

ከኋላ ሆኜ የእግር ፍሬኑን በእጄ ተጫንኩት። ስቶፑ ቦግ አለ። «ልክ ነዎት፣ ይሠራል» ብዬ ያንን ነገር ዘጋሁት። ሽፋኑን ስፈታ አምፖሉ ኤልኢዲ ሆኖ አገኘሁትና ደስ አለኝ። ይህ ሞተር አምፖሉ የሚስበውን ከረንት የሚከታተል ትንሽ ሳጥን አለው። በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 21 ዋት ተራ አምፖል 1.75 አምፒር ገደማ ይስባል። ኤልኢዲው ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሚስብ ሳጥኑ አምፖሉ እንደተቃጠለ ይቆጥረዋል። ኤልኢዲውን አውጥቼ ተራውን አስገባሁ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘውን ሶኬት ፋቅሁ፣ የኔጋቲቩን ሽቦ አጠበቅሁ። ቁልፉን ስከፍት ቀዩ መብራት እንደበራ ነው። የእግር ፍሬኑን ደጋግሜ ብጫንም አልጠፋም።

እንግዲያው የተበላሸው ሳጥኑ ራሱ ነው አልኩ። ያገለገለ አዘዝኩ፣ 4 ቀን ጠበቅሁ፣ ቀየርኩት። አሁንም ቀይ ነው። ያን ጊዜ አላበኝ፤ የሰውዬውን ገንዘብ አውጥቻለሁ፣ ሞተራቸውን አስሬ አቆይቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደምነካ ደግሞ ጠፍቶኛል።

ጋራዡ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የአገሬ ሰው አሉ፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ ናቸው። ካቻቪቴም ቴስተርም አላነሱም። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ከፈቱ።

«አንተ ልጅ፣ ኋላ ሂድና እየው።»

እግራቸውን ረገጡ። «በራ» አልኩ።

ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ዝም ብዬ ቆምኩ። «ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ። የኋላው መብራት ድርግም ብሎ ጠፍቷል፤ ምንም የለም። አንድ ጊዜ እንኳ የእጁን ፍሬን ስቤ አላየሁም ነበር። የምሠራው ከኋላ ቆሜ ነው፣ የእግሩ ፔዳል እጄ ይደርስበታል፣ የእጁ ግን መሪው ጋ ነው። ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው።

ጋሼ አስረዱኝ። ይህ ሞተር ቁልፉ ሲከፈት ማስጠንቀቂያውን ሆን ብሎ ያበራል፤ የሚያጠፋውም ነጂው የእጁንም የእግሩንም ፍሬን አንድ አንድ ጊዜ ሲነካና ስቶፑ በሁለቱም ሲበራ ነው። ሁለቱ ፍሬኖች የየራሳቸው ስዊች አላቸው። ሳጥኑ ከእግሩ መልስ አግኝቷል፣ የእጁን ግን እየጠበቀ ነው። እኔ ደግሞ እነዚያን ሁሉ ቀናት መብራቱን ለማጥፋት ደከምኩ እንጂ ምን እያለኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ስዊቹን ከመሪው ላይ ፈታሁት። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ አድርጌ ሁለቱን ሽቦዎች ነካሁ፤ ጭጭ። ደህና ስዊች ሲጫኑት ቀጭ ይላል። ይኼኛው ሊጥ ላይ የተጫንኩ ያህል ሰጠም ብሎ ቀረ። ከውስጥ የምትመለሰው ትንሽ ዘንግ በዓመታት ግራሶና አቧራ ተጣብቃለች። ማጽጃ ነፋሁበት፣ በጣቴ እያመላለስኩ ሠራኋት፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ቀጭ አለች፣ ቴስተሩም ጮኸ። ያም ሆኖ አዲስ ስዊች ነው የገጠምኩት። አንዴ የተጣበቀ መንገድ ላይ ዳግም ሊጣበቅ ይችላል፣ በፍሬን ነገር ደግሞ «ይበቃዋል» የሚባል ነገር የለም። የሰውዬውን የቀድሞ ሳጥን ወደ ቦታው መለስኩ፤ በስህተት ያዘዝኩትን ከሂሳባቸው አወጣሁት።

አዛውንቱ ሲመጡ የሆነውን ሁሉ፣ የኔንም ስህተት ጨምሬ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ። በጋ በመጣ ቁጥር እሑድ እሑድ ግሮሰር ፌልድበርግ ይወጣሉ፤ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ 880 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ መንገዱ ጥምዝምዝ የሆነ፣ ባለሞተሮች የሚወዱት ተራራ ነው። «ስወርድ የምይዘው በእጅ ነው» አሉኝ፣ ቀኝ እጃቸውን ጨበጥ ዘርጋ እያደረጉ። «ሁልጊዜ በእጅ። ከኋላዬ መኪና አለ፣ ሌላ ሞተር አለ።»

የሚመልስ ቃል አጣሁ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከፈቱት፣ ቀዩ መብራት በራ፤ እግራቸውን ረገጡ፣ እጃቸውን ሳቡ፣ ጠፋ። ሊሄዱ መስሎኝ በሩን ከፈትኩላቸው። እሳቸው ግን አልተነሱም። ጀርባቸው ወደ ነጩ ግድግዳ ነበር፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የእጁን ፍሬን ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይስባሉ፣ ቀዩ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲወጣና ሲጠፋ ያያሉ።