ካራማራን በቀን ሳየው

በጥር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ተጓዝኩ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ መጀመሪያ በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር በጣሰ ሰሞን በወታደር ካሚዮን ተጭነን ወደ ጅግጅጋ ስንሄድ፣ ሁለተኛው ደግሞ በመስከረም 1970 መጀመሪያ፣ ጅግጅጋን ለቀን በሌሊት በእግራችን ስንመለስ። መኮንኖቹ ያንን ሌሊት «ማፈግፈግ» ይሉታል። እኛ ግን እርስ በርሳችን ስንነጋገር ሽሽት እንለው ነበር። ያኔ 19 ዓመቴ ነበር።

ባቢሌ ላይ ሾፌሩ ኦቾሎኒ ገዝቶ አቀመሰኝ። ከከተማዋ አልፈን ዳካታ ሸለቆ ስንደርስ፣ አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ሰው አንስቶ ያስቀመጠው ይመስል ተደራርቦ የሚታይበት ቦታ፣ ፎቶግራፍ ላንሳዎት ብሎ መኪናውን አቆመ። ደግ ልጅ ነው፤ የሚጠራኝም «አባባ» እያለ ነው። እሱ የድንጋዮቹን ውበት ያሳየኝ ነበር፤ እኔ ግን ሳላስበው የትኛው ድንጋይ ሥር መትረየስ እንደሚጠመድ፣ ከየትኛውስ ኋላ አንድ ጓድ ተሸሽጎ ሊያድር እንደሚችል እየለየሁ ነበር። መሬት የማየው እንዲህ ነው። ልጆቼን ሽርሽር ስወስድ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስገባ፣ ዓይኔ አስቀድሞ መከለያና መውጫ ይፈልጋል። ስሙን ሐኪሞች ያውቁት ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ቁመቴና እንደ መልኬ የራሴ አድርጌው ኖሬያለሁ።

የፋፈንን ወንዝ ተሻግረን የካራማራን ተራራ አቀበት ስንጀምር ልጁ፣ «አባባ፣ ድል ያደረጋችሁት እዚህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የካቲት 26 ቀን በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቼ የካራማራ ጀግና እያሉ እንኳን አደረሰህ ይሉኛል፤ እኔም አመሰግናቸዋለሁ። ለልጁ ግን እውነቱን ነገርኩት። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ወገኖቻችን ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆነው፣ ጠላት ስድስት ወር ያህል የመሸገበትን በር፣ ማለትም መንገዱ ተራሮቹን የሚያቋርጥበትን መተላለፊያ፣ ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ተራሮቹን ዞረው ከኋላው ሲገቡና ጅግጅጋን ሲያስለቅቁ፣ እኔ በኅዳር ሐረር አጠገብ የመታኝን ፍንጣሪ ይዤ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ድሉን የሰማሁት በሬዲዮ ነው። የእኔ ካራማራ የመስከረሙ ካራማራ ነው።

በዚያ ሌሊት ከፊታችንም ከኋላችንም ሰውና ተሽከርካሪ ተቀላቅሎ፣ ማን ማንን እንደሚያዝ ሳይታወቅ በሩን አልፈን ቁልቁል እንወርድ ነበር። ከአንድ የወሎ ልጅ ጋር ሆነን ሆዱን የተመታ ጓዳችንን በብርድ ልብስ ተሸክመናል። ሦስታችንም አንድ ድንኳን ውስጥ የከረምን ነን። ደም የፈሰሰው ሰው የሚጠማው ጥም ከሌላ ጥም የተለየ ነው። መንገዱን ሙሉ ውሃ ይለምነን ነበር። የወሎው ልጅ ኮዳ ባዶ ነበር፤ የእኔ ኮዳ ግን ሩብ ያህል ነበረው። «አልቋል» አልኩት። መንገዱ ይረዝማል፣ እሱ አይተርፍም፣ እኔ እተርፍ ይሆናል ብዬ ነው ያልኩት። ኮዳውን እንዳይሰማው በእጄ አፍኜ ይዤው ነበር። ጎህ ሳይቀድ አረፈ፤ ከመንገዱ ዳር በድንጋይ ሸፍነን ሄድን።

ሆስፒታል ሳለሁ አንዲት ነርስ፣ ሆዱን የቆሰለ ሰው ውሃ በአፉ እንደማይሰጠው ስትነግረኝ ለጥቂት ቀናት የተፈወስኩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እኔ ውሃውን የከለከልኩት ይህን አውቄ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ራስጌዬ በጆግ የተሞላ ውሃ ሳይኖር ተኝቼ አላውቅም። ባለቤቴም ሌሊት ስቃዥ በእጇ እንደማትነካኝ፣ ከግርጌ ቆማ በስሜ እንደምትጠራኝ ተምራለች፤ ይህንን የተማረችው ግን በጋብቻችን የመጀመሪያ ዓመት ክንዷን ጠምዝዤ ካሳመምኳት በኋላ ነው። ለምን ውሃ እንደማስቀምጥ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

በሩ ላይ ከመኪናው ወርጄ ያንን የድንጋይ ክምር ፈለግሁ። አላገኘሁትም። መንገዱ ሰፍቷል፣ አስፋልት ለብሷል፤ ያ ሌሊት ደግሞ ጨለማ ነበርና ዳገቱን በቀን አይቼው የማውቀው ካሚዮን ላይ ሆኜ ብቻ ነው። ግመሎች የሚጠብቁ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ስዞር አይተው ቀረቡኝና በደህና አማርኛ ምን እንደጠፋብኝ ጠየቁኝ። የእኔ እኩያ ናቸው። ወታደር እንደነበርኩ ስነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም።

«እናንተ ስትሄዱ እኛ ቀረን፤ በየካቲት እናንተ ስትመለሱ ደግሞ እኛ ሸሸን» አሉኝ። ሐርጌሳ አካባቢ መጠለያ ውስጥ እንደኖሩ፣ እናታቸው እዚያ እንደተቀበሩ፣ በ1983 ሶማሊያ ስትፈርስም በዚሁ መንገድ እንደተመለሱ ነገሩኝ። እኔም ለባለቤቴ ያልነገርኳትን የኮዳውን ነገር ነገርኳቸው። ለምን ለእሳቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ያንን ሌሊት ከሌላው ወገን ስለሚያውቁት ይሆናል። ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ። በ47 ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳቸው። ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ፊታቸውን አዙረው ስሙን በራሳቸው አነጋገር አንድ ጊዜ ጠሩት፤ ከዚያም ግመሎቻቸው ስለራቁ ተሰናብተውኝ ሄዱ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ የጅግጅጋ ሜዳ ወለል ብሎ ታየን። ያኔ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ አሁን ቤቱ ሜዳውን ይዞታል። ማታ ከሆቴል ለባለቤቴ ደውዬ በሰላም መግባቴን ነገርኳት፤ ሌላውን ቤት ስገባ እንደምነግራትም ጨመርኩ። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለችኝ። የታሸገ ውሃ ገዝቼ ራስጌዬ አስቀምጬ ተኛሁ።