ሻጩን የረገምኩበት ሌንስ

ከአምስት ወር ትግል በኋላ ታኩማር የተባለው አሮጌ የካሜራ ሌንሴ ዳነ። ጥገናው ባለቀ ማታ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፒን በጣቴ ጫን ለቀቅ ሳደርጋት፣ የሚያስገባውን ብርሃን የሚመጥኑት ቀጫጭን ምላጮች ዓይን እንደሚርገበገብ ተዘግተው ተከፈቱ። ቤት ውስጥ ደስታዬን የሚካፈለኝ አላገኘሁም። እናቴ እንኳን አይታ፣ “ይኸን ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው?” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው።

አጀማመሬን አላረዝመውም። ያገለገለ ካኖን 600ዲ ካሜራ አለኝ፤ አዲስ ሌንስ መግዛት ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ወደ አሮጌዎቹ ዞርኩ። ኤም 42 የሚባለው አገጣጠም 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚጠመዘዝ ጥርስ ነው፤ በቀጭን አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ካኖን ላይ ይገባል። የኒኮን ዲኤስኤልአር ካሜራ ባለቤቶች ግን ተጠንቀቁ። የእነዚህ ካሜራዎች አካል ሌንሱን ከሚገባው በላይ ከምስል መቀበያው ያርቀዋል፤ በውስጡ መስታወት የሌለው አዳፕተር ከገዛችሁ የሩቁን ተራራ አጥርታችሁ አታነሱም።

የመጀመሪያው ሌንሴ ሄሊዮስ 44-2 ነበር፤ 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2 (ኤፍ የምላጮቹ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል)። አዲስ አበባ ካለ ሻጭ በቴሌግራም ገዝቼው ድሬዳዋ በአውቶቡስ ደረሰልኝ። ሶቪየት ኅብረት ተምረው ከተመለሱ አንድ ሰው ዜኒት ካሜራ ላይ የተነቀለ ነው ተብያለሁ። የትኩረት ቀለበቱ ደርቆ ስለነበር ሐረር፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደርድረው ከሚቀመጡበት መኪና ግርግር፣ የስፌት መኪና ዘይት ገዝቼ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ለአንድ ሳምንት እንደ ቅቤ ዞረ። ከዚያ በኋላ ግን ፎቶዎቼ ሁሉ ጭስ ውስጥ የተነሱ መሰሉ። ቀጭን ዘይት በሙቀት ይተንና መስታወቱ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ይህን ያወቅኩት ካበላሸሁት በኋላ ነው። የተማርኩ መስሎኝም ነበር።

ታኩማሩን የገዛችልኝ ጀርመን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ሱፐር ታኩማር፣ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.4፤ የጃፓኑ አሳሂ ሥራ። ማስታወቂያው “ለዕድሜው በጣም ንጹህ፤ አልተሞከረም” ይላል። አሁን በዚህ ቃል ላይ የጸና አቋም አለኝ። “አልተሞከረም” ማለት ብዙ ጊዜ ተሞክሮ እንቢ ብሏል ማለት ነው። ካሜራ የሌለው ሰው እንኳን ሌንሱን ወደ መስኮት ቀና አድርጎ ማየት ይችላል።

ፎቶዎቹ ደግሞ የተነሱት ቡናማ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ ምን ይታያል? ሌንሱ በሰው ሻንጣ እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ፤ የመመለሻ ጊዜው አልፏል። ነጭ ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው መስታወቱ ቀጭን ሻይ መሰለ። ሰባት መስታወት ያለው የዚህ ሌንስ ዓይነት ቶሪየም የተቀላቀለበት መስታወት አለው፤ ቶሪየም ጨረር አመንጪ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ መስታወቱን ያቢጨዋል። ፎቶ ለሚያነሳበት ሰው ጨረሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መስታወቱን መሞረድ ወይም ዓይን ላይ ለጥፎ መዋል ግን አይገባም።

ስለዚህ አሁን ከሩቅ ስገዛ ሦስት ነገር ሳላይ ገንዘብ አይወጣም። ሌንሱ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላው የስልክ መብራት በሰያፍ ሲበራበት፣ ከዚያም ፒኑ ሲጫንና ሲለቀቅ በቪዲዮ። መብራቱ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር ካሳየ ሻጋታ ነው፤ ወጥ የሆነ ጉም ካሳየ የተነነ ቅባት ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ካለ ደግሞ የተጣበቁት መስታወቶች መላቀቅ ጀምረዋልና ተዉት። ለጥቂት አቧራ ግን አትጨነቁ፤ ፎቶ ላይ አይታይም። ስለ አቧራ የሚጨቃጨቅ ገዢ እኔንም ይሰለቸኛል።

ቢጫውን የሚያጠፋው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ድሬዳዋ ተቀምጦ መብራት መግዛት ደግሞ ነውር መሰለኝ። ሌንሱን አሉሚኒየም ወረቀት ላይ አድርጌ መስኮት ላይ አሰጣሁት። በሁለተኛው ቀን መጋረጃው መጨስ ጀመረ፤ ሌንስ ፀሐይን እንደሚሰበስብ ፎቶ አንሺ ነኝ ባዩ ረስቼዋለሁ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጥታ፣ “አንተ ልጅ፣ ቤቴን ልታነድብኝ ነው?” አለች። መጋረጃውን ነቅዬ ቀጠልኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሻዩ ጠፍቶ መስታወቱ ውኃ መሰለ።

ከዚያ ኤፍ 8 ላይ አድርጌ የማነሳው ሁሉ በብርሃን ታጥቦ ይወጣ ጀመር። ምላጮቹን ሳያቸው በቅባት ያብለጨልጫሉ፤ ተጣብቀው አይዘጉም። ሻጩን ረገምኩት። በአክስቴ ልጅ በኩል ሦስት ገጽ የሚሆን የክስ ደብዳቤ ላክሁለት፤ አታላይም ብዬዋለሁ። ሰውዬው ከመላኩ በፊት የቀረጸውን አጭር ቪዲዮ ብቻ ላከልኝ። ምላጮቹ ደረቅ ናቸው፤ ጠቅ ጠቅ ይላሉ።

ቅባቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። የትኩረት ቀለበቱ ውስጥ ያለው ግራሶ አሮጌ ነው፤ ከድሬ ፀሐይ ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት ነጸብራቅ ጨምሬ ሦስት ሳምንት ሳቀልጠው ወደ ምላጮቹ ወረደ። ሄሊዮስ ላይ ምላጮቹን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ስለሆነ ቅባት ቢነካቸውም ይታዘዛሉ። የታኩማር ምላጮች ግን የሚንቀሳቀሱት በቀጭን ሞላ ነው፤ ትንሽ ቅባት ካገኛቸው ቆሙ ማለት ነው። ለሻጩ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አልመለሰልኝም፤ አልፈርድበትም።

ጥገናው ነው ዕድሜዬን የበላው። መጀመሪያ ሳልፈታው ለሲጋራ ማቀጣጠያ የሚሞላውን ቤንዚን በጥጥ አስነካኋቸው። ሁለት ቀን ሠርተው ተመልሰው ተጣበቁ፤ ቤንዚኑ ቅባቱን አቅጥኖ ይበልጥ አሰራጭቶት ነበር። ደገምኩ፤ ያው ሆነ። ምንጩ ካልደረቀ መጥረጉ ዋጋ እንደሌለው ስረዳ ሙሉ በሙሉ ልፈታው ወሰንኩ። የፊቱን ቀለበት ለመንቀል የሚሸጠው ጎማ ስላልነበረኝ የባጃጅ የውስጥ ጎማ ቆርጬ በእሱ ይዤ አዞርኩት፤ በዚህ ብልሃቴ እስካሁን እኮራለሁ።

ኩራቱ ግን አንድ ሰዓት አልቆየም። ትኩረት የሚያደርገው ክፍል ሁለት ተጠማዛዥ ቱቦ ነው፤ ጥርሱ ደግሞ መግቢያው ብዙ ነው። በአንዱ ብቻ ሲገባ ነው ሌንሱ ሩቁን የሚያጠራው። እኔ ምልክት ሳላደርግ ለያየሁት። ለስድስት ተከታታይ ማታዎች ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንዱን መግቢያ እየሞከርኩ፣ እየገጠምኩ፣ የሩቅ መብራት ላይ እያነጣጠርኩ፣ መልሼ እየፈታሁ አሳለፍኩ። በሰባተኛው ቀን ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ ወዳለ አንድ ሰዓት ሠሪ ሄድኩ።

“ጋሼ፣ ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው፤ ሌላ እንዳያስቡ።

በማጉያቸው አገላብጠው አዩት። “ስትፈታው በመርፌ ጫፍ አልጫርህበትም?”

“አልጫርኩም።”

“እንግዲህ አብረን እንፈልጋለን” አሉና በርጩማ ገፉልኝ።

እያንዳንዱን መግቢያ በመርፌ ምልክት አድርገው፣ ቁጥር ሰጥተው ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ ስድስቱን ማታዎች የዳከርኩበትን ከሰዓት በፊት ጨረስነው። ካቻቢቴያቸውም ከእኔው ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ የእኔው የሁለት ብሎን ጭንቅላት በልቷል።

ግራሶውን በተመለከተ ተሳዳቢ እንደማላጣ አውቃለሁ። ለሌንስ የተሠራውን ስላላገኘሁ የባጃጅ መካኒክ ጎረቤቴ ለጎማ ኩሽኔታ የሚጠቀምበትን፣ ሙቀት የሚችለውን፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ እየነካሁ እጅግ በስሱ ቀባሁ። ቀለበቱ ከበደ፤ ሠርግ ላይ ለሚሮጥ ሰው አይሆንም። ግን ከ35 ዲግሪ በላይ የሚያልፈውን የግንቦት ሙቀት ያለ መፍሰስ ከርሞበታል። ሌንሱን አሁን የማስቀምጠው የውኃ እንስራው አጠገብ፣ ቤታችን በጣም ቀዝቃዛ በሆነው ጥግ ነው። እርጥበት ሻጋታ ያመጣል የምትሉኝ ትክክል ናችሁ፤ እኔ ግን ከሻጋታ ይልቅ ቅባት ነው ያስለቀሰኝ።

ቅዳሜ ሐረር ወጥቼ የጀጎልን ግንብ በኤፍ 8 አነሳሁት፤ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሲመሽብኝ በራምቦ ስም ወደሚጠራው ቤት ጎራ አልኩ። ገጣሚው አርተር ራምቦም ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ሐረር ላይ ራሱን አንስቷል፤ ለቤተሰቡም ፎቶው የነጣው ባጠበበት ውኃ መጥፎነት ነው ብሎ ጽፏል። እኔ ሻጩን፣ እሱ ውኃውን።

ዛሬ ጠዋት የአክስቴ ልጅ መልእክት ላከችልኝ። ፔንታኮን የተባለ 135 ሚሊሜትር ሌንስ አግኝታለች፤ “ከአያቴ ቤት የተገኘ፤ አልተሞከረም” ይላል። ፎቶው የተነሳው ቀይ ምንጣፍ ላይ ነው። ቪዲዮ እንድትጠይቅ ጻፍኩላት፤ ሻጩ ጊዜ የለኝም አለ። ዋጋው ግን በጣም ርካሽ ነበር። ግዢው አልኳት።